ለምዘና የተነጠፈ አልጋ

ሠናይት አንሶላውን ታነጥፍና በመዳፏ ዳበስ ዳበስ አድርጋ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ትላለች።

«ወደቅሽ!» ትላለች ከድጃ እያጨበጨበች። «ተነሺ! የማዳም አልጋ ላይ ተቀመጥሽ እኮ!»

ልጄ ከት ብላ ስቃ ትነሣለች። እኛ ቤት አልጋ አምሮ ከተነጠፈ እንግዳ ሊመጣ ነው፤ እንግዳው የሚቀመጠውም እዚያው አልጋው ላይ ነው። ሌላ መቀመጫ የት አለና? ልጄ ይህን እያየች ነው ያደገችው።

ከድጃ ጎረቤታችን ናት። ዐረብ አገር ሰው ቤት ሠርታ አምና ተመለሰችና አሁን ገበያ ውስጥ ጨርቅ ትሸጣለች። ሠናይት ነገ እዚሁ ደብረ ታቦር የቤት አያያዝ ምዘና አለባት። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈትና ውጤት አልመጣላትም፤ ሥራ የለም፤ አባቷም «ዐረብ አገር ትሂድ» ብሏል። ፓስፖርቷ ወጥቷል። የቀረው ይህ ምዘና ብቻ ነው።

ምዘናውን እንድትወድቅልኝ ለኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ጥላ ተስያለሁ። ይህን ማንም አያውቅም።

ከድጃ አልጋውን እንዳለ ገፍፋ ታፈርሰዋለች። «እንደገና! እትዬ ውዴ፣ እርስዎ ደግሞ ማዳም ይሁኑ። ይቆጡ እንጂ!»

«ምን ብዬ ልቆጣ?»

«ዝም ብለው ይጩኹ። እሷ እንደሆነ ዐረብኛው አይገባትም!»

ሁለቱ ይሳሳቃሉ።

ሠናይት ባለ ላስቲኩን አንሶላ በአራቱም የፍራሽ ማዕዘን ታለብሳለች። «ይሄ ከሥር። ሁለተኛው አንሶላ፣ ሸርሸፉ፣ ከላይ፤ ሰውዬው በሁለቱ መካከል ነው የሚገባው። ቀጥሎ ብርድ ልብሱ፣ ለሓፉ፣ ከነልብሱ። ትራሱ፣ መኸዳው፣ ከራስጌ፤ የልብሱ አፍ ወደ በር አይዞርም።» ቀና ትላለች። «እኛ አንድ ጋቢ ተከናንበን ስንተኛ እነሱ ይሄ ሁሉ ጨርቅ!»

«ሁሉንም የምታጥቢው አንቺ ነሽ» ትላታለች ከድጃ።

ለእኔ አልጋው አይታየኝም። የሚታየኝ መስኮቱ ነው። ስንተኛ ፎቅ ይሆን? በሩ ከውጭ ይቆለፍባት ይሆን? ያመማት ቀን ውኃ የሚያቀብላት ማነው? ስልክ ቢነጥቋት መሞቷን እንኳ በማን እሰማለሁ?

«አሁን ጨርቁን እንይ» ትላለች ከድጃ፤ ከሱቋ ያመጣችውን ቁርጥራጭ ከፌስታል እያወጣች። «ፈታኟ ዳብሰሽ ለዪ ትልሻለች። ጨፍኚ።»

ሠናይት ትጨፍናለች። ከድጃ አንዱን መዳፏ ላይ ታደርጋለች።

«ጥጥ።»

«ካውያውስ?»

«በጣም የጋለ። ውኃ ረጭ ተደርጎ።»

«ጎበዝ። ይሄስ?»

ልጄ በጣቶቿ ታሸዋለች። «ይሄም ጥጥ ነው። ስስ ጥጥ። ካውያው በጣም የጋለ።»

ጨርቁ ሐር ነው። ከተቀመጥኩበት ሆኜ አውቄዋለሁ። ነገም እንዲህ በይልኝ፣ እላለሁ በልቤ።

ከድጃ አትስቅም። ልጄን ትታ ወደ እኔ ትዞርና የግራ እጅጌዋን ቀስ አድርጋ ትሰበስባለች። ልብስ ስታጥብ እንኳ ሰብስባው አይቻት አላውቅም፤ ለሃይማኖቷ ይመስለኝ ነበር። ከክርኗ በታች ቆዳዋ ተጨማዶ ያብለጨልጫል። ከወደ አንጓዋ ሹል ነው፤ ወደ ክርኗ እየሰፋ ይሄዳል። የካውያ ቅርጽ ነው።

«የማዳም የትራስ ልብስ ነበር» ትለኛለች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ሐር። እኔም ጥጥ መስሎኝ አቃጠልኩት፤ እሷም እኔን። ምዘናውንማ እኔም አልፌ ነበር።»

«ምንድን ነው የምትንሾካሾኩት?» ትላለች ልጄ። ዓይኗን እንደጨፈነች ናት።

«ምንም። ተሳስተሻል፣ ሐር ነው» ትላለች ከድጃ። እጅጌዋን ትመልሳለች።

ወደ ልጄ እዞራለሁ። «ካልሆነልሽ ተይው፣ ልጄ። ቅሪ። እንደ ምንም እንኖራለን።»

«ብወድቅም እሄዳለሁ፣ እማዬ። ደላላው በመተማ አሻግርሻለሁ ብሎኛል።»

ይህን ያለችው እንደ ቀላል ነገር ነው። እጇ ጨርቁን እየደባበሰ ነው።

የተሳልኩት ስለት ምን ሊያደርግልኝ? እነሣለሁ። ቁርጥራጮቹን ከከድጃ እቀበልና ልጄ ፊት በርጩማ ስቤ እቀመጣለሁ። ጥጥ ስፈትል ነው ያረጀሁት፤ ይህንን እንኳ ላሳያት።

«ዓይንሽን እንዳትገልጪ። ጨብጪው። ጥጥ የእጅሽን ሙቀት ይይዛል፤ ስትለቂው እንደተጨማደደ ይቀራል። ሐር ግን ሙልጭ ብሎ ያመልጥሻል፤ የተሰነጠቀ ጣት ብቻ ነው የሚይዘው። ይሄ ሦስተኛው ፖሊስተር ነው፤ ብትጨብጪውም ተመልሶ ይዘረጋል፤ እሳት ሲነካው ይቀልጣል። ገባሽ?»

«ገባኝ።»

«ይሄስ?»

«ፖሊስ… ሐር።»

«አይደለም! ጨብጪና ልቀቂው!»

«ኧረ ማዳም ሆኑልን!» ትላለች ከድጃ።

አፈራርቄ እሰጣታለሁ። አንዱን ሁለት ጊዜ አከታትዬ እሰጣታለሁ፤ እንድትሳሳት ይሁን እንዳትሳሳት እኔም አላውቀውም። መጀመሪያ ትንተባተባለች። ከዚያ ጣቶቿ እየፈጠኑ ይመጣሉ።

«ጥጥ፣ የጋለ። ሐር፣ ለብ ያለ፣ በግልባጩ። ፖሊስተር፣ ለብ ያለ። ሐር። ጥጥ።»

«ታልፋለች» ትላለች ከድጃ፤ ፌስታሏን እያጠፈች።

«ሌላስ፣ እማዬ?»

ባዶ ጭኔን አያለሁ። የያዝኩትን ሁሉ ሰጥቻታለሁ። ልጄ ዓይኗን ጨፍና፣ መዳፏን ወደ ላይ ከፍታ፣ እንደዘረጋች ናት።