ያልሞተችው አሳማ

በኪያሙጋ መንደር በስድስት ሳምንት ውስጥ አሥራ አንድ አሳማ ሞተ። መጀመሪያ ጆሮው ይቀላል፤ ከዚያ መብላት ያቆማል፤ በአራተኛው ቀን ይጋደምና አይነሳም። የተረፈችው የናክያንዚ አሳማ ብቻ ነበረች።

መንደሩ ይህን ይቅር ሊላት አልቻለም።

አሳማዎቹ የመጡት በሴቶች ማኅበር በኩል ነው። ባል ለሞተባት፣ የሙት ልጅ ለምታሳድግ፣ ጉልበት ለከዳው ሽማግሌ አንዳንድ እንስት አሳማ ይሰጣል። ደንቡም አጭር ነው፦ ስትወልድ የመጀመሪያዋ ሴት ግልገል ለሚቀጥለው ቤት ትሄዳለች። ናክያንዚ የሟች እህቷን ሁለት ሴት ልጆች የምታሳድግ፣ ምላሷ እንደ ሚጥሚጣ የሚፋጅ ሴት ናት፤ ደንቡን ግን ከሁሉ ቀድማ ፈጸመች። ግልገሏ የደረሰቻት ለማኅበሩ ሊቀመንበር ለናቡኬራ ነበር። ናቡኬራ መንታ ስለወለደች ሰው ሁሉ ናሎንጎ እያለ ያከብራታል። ያቺ ግልገል አድጋ፣ አርግዛ፣ ልትወልድ ሳምንት ሲቀራት ሞተች።

«መርቃ አይደለም የሰጠችኝ» አለች ናሎንጎ። «ረግማ ነው።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። በማግስቱ በውሃ ወረፋ ላይ ይህን ያልደገመ ሰው አልነበረም።

ሰዉ ቂም የያዘበት ሌላም ምክንያት ነበር። በኪያሙጋ አሳማ የሞተበት ቤት ብቻውን አያዝንም። ጎረቤት ተሰብስቦ ከሥጋው ድርሻውን ይወስዳል፤ በምትኩ አንዱ እንጨት፣ አንዱ የሙዝ ዘለላ ያመጣል። የዕለቱ ይቀቀላል፤ የተረፈው ከምድጃ በላይ ተሰቅሎ በጭስ ይደርቃል። ናክያንዚ ግን ሙዟን በር ላይ አስቀምጣ ባዶ እጇን ትመለሳለች። ቅዳሜን የምታከብር ናትና የአሳማ ሥጋ አትቀምስም።

«መብላቱን ከልክሎ ማርባቱን ፈቀደልሽ?» አላት አንድ ቀን ሉብዋማ። እሱ ሁለት አሳማ ሞቶበታል።

«ልጆቹን የሚያስተምርልኝ ሌላ ነገር ሲገኝ እተወዋለሁ። እስከዚያ ከእግዜር ጋር እንጨቃጨቃለን፤ አንተን ማን ሽማግሌ አረገህ?»

ሰው አልሳቀም። ድሮ ቢሆን ይስቅ ነበር።

አሥራ አንደኛው በሞተ ማግስት ስብሰባ ተጠራ። ናክያንዚ መሃል ቆመች።

«ያንቺ ለምን አልሞተችም?» አለች ናሎንጎ።

«እኔ ምን አውቄ? ብትሞት ደስ ይላችሁ ነበር?»

«ምን እንዳደረግሽላት ንገሪን።»

«የሙዝ ልጣጭና የስኳር ድንች ቅጠል ሰጠኋት! ምን ላድርጋት? ምስጢሩን ባውቀውማ፣ ናሎንጎ፣ ያንቺዋ ስትታመም ዝም እል ነበር? ከኔዋ ሆድ የወጣች አይደለችም እንዴ?»

«ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ ሌሊት ጉረኖዋ አጠገብ ስታጉተመትም ሰምቻለሁ!» አለ ሉብዋማ።

«ጸሎት ነዋ፣ አንተ ቀጣፊ!»

ተፈረደ። አሳማዋ ከሰባት ግልገሎቿ ጋር ለማኅበሩ፤ ናክያንዚ እስከ እሑድ ከመንደሩ ትውጣ።

ያን ጊዜ ምላሷ ታጠፈ። «ልጆቹ በሚቀጥለው ሳምንት ፈተና አለባቸው» አለች ቀስ ብላ። «ክፍያቸው በእነዚህ ግልገሎች ነው። እኔን ጥሉኝ፤ እነሱን እንዴት ትጥላላችሁ?»

«የኛ ልጆችስ በምን ይማሩ? ስትረግሚን አስበሽላቸው ነበር?» አለች ናሎንጎ።

እሑድ ጠዋት ናክያንዚ ፍራሿን ተሸክማ ወጣች። ሁለቱ ልጆች ዩኒፎርማቸውን ለብሰው ተከተሏት፤ ሌላ ልብስ አልነበራቸውም። አንድ ሰው ጭቃ ወረወረ፤ የታናሺቱን ጀርባ መታት። ማን እንደወረወረው ሁሉም ያውቃል፤ ማንም ግን አልተቆጣም። እኔም እዚያው ነበርኩ፤ አልተቆጣሁም።

ለአሳማዋ የተደረገው ጥንቃቄ ለንግሥት አይደረግም። አሳማ ረግጦት በማያውቅ መሬት ላይ በአዲስ እንጨት አዲስ ጉረኖ ተሠራላት። ሉብዋማ ቀን ከሌት ጠበቃት። ወደ ጉረኖው የሚገባ ሁሉ እጅና እግሩን በሳሙና ይታጠባል። ናሎንጎ ራሷ በየማለዳው ምግቧን ይዛ ትመጣለች፤ አሳማዋም ገንዳውን ልሳ ታጸዳለች።

«አያችሁ? እርግማኑ ከባለቤቱ ጋር ሄደ» ትላለች ናሎንጎ።

በአሥረኛው ቀን የአሳማዋ ጆሮ ቀላ።

ሉብዋማ ቆንጨራውን መሳል ጀመረ። «ከሩቅ ሆና ነው የሠራችው። ያለችበትን ከተማ አውቀዋለሁ።» ሦስት ወንዶች ሊከተሉት ተነሱ። ናሎንጎ ግን ነገሩ በመንግሥት ሰው አፍ እንዲጸና ፈለገችና ወደ እንስሳት ሐኪሙ ደወለች። ሙጌርዋ የሚባል ዝምተኛ ሰው በሞተር ብስክሌት መጣ። የአሳማዋን ሙቀት ለካ፤ ጆሮዋን አገላብጦ አየ፤ ግልገሎቹንም ነካካ። ግልገሎቹም ይንቀጠቀጡ ነበር።

«መተት ነው፣ ዶክተር፣ አይደል?» አለ ሉብዋማ። «አዎ ይበሉንና እንሂድ።»

«ይሄ በሽታ ሰው ስለረገመ አይመጣም» አለ ሐኪሙ። «ከታመመ ወይም ከሞተ አሳማ ነው የሚተላለፈው። ከሌላ አሳማ ጋር ተገናኝታለች?»

«በጭራሽ! ጉረኖው አዲስ ነው፤ ዝንብ እንኳ አላስጠጋንም።»

«ምን ነበር የምትበላው?»

ናሎንጎ ቀና አለች፤ ይህን ጥያቄ ስትጠብቅ የቆየች ትመስል ነበር። «በምግብስ አንታማም፣ ዶክተር። ያቺ ንፉግ በልጣጭ ብቻ ነበር የያዘቻት፤ እኛ ግን ለሞቱት አሳማዎቻችን እናደርግ እንደነበረው፣ በጭስ የደረቀውን የድርሻችንን ሥጋ ያጠብንበትን ውሃ ከነትርፍራፊው ከየቤቱ አሰባስበን በየቀኑ ስናጠጣት ነው የከረምነው።»