መሃሉ ላይ ያለው ድንጋይ

ታናሽ እህቷ ሳሎኗ ውስጥ ባሕር ልታስገባ መሆኑን ታላቋ የሰማችው ከባሏ ነው።

«ገንዳው ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር ይይዛል አሉ» አላት የሸሚዙን እጅጌ እየቆለፈ። «ዓሣ ቢጠፋ እኛ እንዋኝበታለን።»

ታላቋ አልሳቀችም። በቤተሰቡ ውስጥ የጨው ውኃ ገንዳ ያላት እሷ ብቻ ነበረች። መኝታ ቤቷ ጥግ፣ ከሻንጣ የማይበልጥ የመስታወት ገንዳ ውስጥ፣ አንዲት የባሕር አበባ ታኖራለች። ስሟ አበባ ይሁን እንጂ እንስሳ ናት፤ ጣቶቿን እያወዛወዘች ትበላለች። ስትገዛት የሸሚዝ ቁልፍ ታህል ነበር፤ አሁን ሰሃን ትሞላለች። ባሏ «የእንጀራ ልጄ» ይላታል።

ገንዳው ግን አርጅቷል። አንዱ ማዕዘን ላይ ማጣበቂያው ለቆ ውኃ ጠብ ማለት ከጀመረ ሰነባብቷል። ታላቋ ሥሩ ፎጣ ታነጥፋለች፤ ሲረጥብ ትቀይራለች። ታናሿ አንድ ቀን መጥታ ፎጣውን በጣቷ ነካ አደረገችና «እትዬ፣ ይኼ ነገር አይቆይም» አለቻት። ታላቋ እንደ ስድብ ቆጠረችው።

የአዲሱ ገንዳ መስታወቶች በገቡ ቀን ታላቋ ልታይ ሄደች። አራት ሰዎች እያቃሰቱ ያስገባሉ። እንዲህ ያለ ገንዳ ተሠርቶ ቢመጣ በበር ስለማያልፍ እዚያው ሳሎን ውስጥ ይጣበቃል። ቤቱ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይሸታል፤ የማጣበቂያው ሽታ ነው።

«እትዬ፣ ያንቺዋ በቀን ምን ያህል ብርሃን ትፈልጋለች?» አለች ታናሿ ከመሰላል ላይ።

«ለምንሽ ነው?»

«እንዲያው ነው። ውኃውስ? በኃይል ሲመጣባት ነው የምትወደው ወይስ ቀስ ሲል?»

ታላቋ ነገረቻት። ደረጃውን ስትወርድ ግን ቆጫት። እሷ ስንት ዓመት ለፍታ ያወቀችውን ይቺ መሰላል ላይ ቆማ ትረከባለች። ልጆች ሳሉም እንዲሁ ነበር። ታላቋ የጀመረችውን ሹራብ ታናሿ ትጨርሰዋለች፤ የሚመሰገነው የጨረሰ ነው።

ጨው በበርሜል ተበጠበጠ። ገንዳው ተሞላ፤ ድንጋዮቹ ተደረደሩ፤ ውኃው እስኪረጋ ድረስ ያለ አንድ ዓሣ ከረመ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ታናሿ እየደወለች ትጠይቅ ነበር። ከዚያ ለታላቋ መደወል ተወች። ለታላቋ ባል መደወል ጀመረች።

ታላቋ፣ ባሏ ኩሽና ውስጥ ድምፁን ዝቅ አድርጎ በስልክ ሲያወራ ደረሰችበት። ዘጋው።

«ማን ነው?»

«መሥሪያ ቤት።»

ስልኩን ጠረጴዛ ላይ ትቶ ሲወጣ አየችው። የእህቷ ስም ነው። በማግሥቱ ባሏ ክዳን ያለው አዲስ ነጭ ባልዲ ይዞ ገባና በሩ አጠገብ አኖረው።

«ባልዲ አንሶን ነው?»

«ባልዲ መቼ ተርፎ ያውቃል» አለና ወደ ቴሌቪዥኑ ዞረ።

ዓሣዎቹና ኮራል የሚባሉት ድንጋይ መሳይ የባሕር እንስሳት ገብተው ሲለምዱ ዘመድ ተጠራ። እናታቸው ወንበር አስጠግታ ተቀመጠች። «ገንዳ ማለት ይኼ ነው» አለች። «ያኛውማ የሳሙና ማስቀመጫ ነው።» ሁሉም ሳቀ። የታላቋ ባልም ሳቀ።

ከገንዳው መሃል አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ። መብራቱ በቀጥታ ያርፍበታል፤ ውኃው ቀስ እያለ ያልፍበታል። ምንም አልተቀመጠበትም።

«እዚህ ጋ ምነው ባዶ ሆነ?» አለች አክስታቸው።

ታናሿ የታላቋን ባል አየት አደረገችው። «ባለቤት አለው፤ ይመጣል» አለች።

ታላቋ ያን ጊዜ ገባት። ብርሃኑን የጠየቀችው፣ ስልኩ፣ ባልዲው። አበባዋን ሊወስዱባት ነው፤ ያውም የገዛ ባሏ ተሸክሞ።

ሲሰነባበቱ ታናሿ አንድ ቁልፍ እጇ ላይ አኖረችላት። «እትዬ፣ የቤቴ ቁልፍ ነው። ደስ ባለሽ ሰዓት ግቢ።»

ዘበኛ ልታደርገኝ ነው፣ አለች በልቧ።

ታላቋ ፋርማሲስት ናት። ከአበባዋ ጋር ልታኖር ዓሣ ገዝታ ነጭ ነጠብጣብ ከወጣበት ለብቻው አድርጋ የምታክምበት፣ መዳብ ያለበት ሰማያዊ መድኃኒት አላት። ዓሣውን ያድናል፤ አጥንት የሌለውን ፍጥረት ሁሉ፣ የባሕር አበባንም ጭምር፣ ይጨርሳል። ስለዚህ ጠርሙሱን ከመኝታ ቤቷ አርቃ፣ ሥራ ቦታ መሳቢያ ውስጥ ትቆልፈዋለች።

በማግሥቱ በምሳ ሰዓት ጠርሙሱን ቦርሳዋ ከተተች። የእህቷ ቤት ሰው አልነበረውም። ከገንዳው ሥር ያለውን ቁም ሣጥን ከፈተች፤ ውኃው ተጣርቶ ወደ ላይ የሚመለስበት ትንሽ ገንዳ እዚያ ነው። ጠርሙሱን እስከ መጨረሻው ጠብታ ገለበጠችው። ሰማያዊው ቀለም ወዲያው ጠፋ። ላይ፣ ትልቁ ገንዳ ውስጥ፣ አንድ ቀይ ሽሪምፕ በቀጫጭን እግሮቹ የዓሣ ጉንጭ ያጸዳል። እሷም በሩን ቆልፋ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ከሰዓት በኋላ ስልኳ ጮኸ። የእህቷ ስም። ደግሞ ጮኸ። አወቀች ማለት ነው፣ ብላ ስልኩን በፊቱ ደፋችው። ከዚያ ባሏ ደወለ። አላነሳችም። የምትለውን ታዘጋጅ ነበር፤ ራሷን እየነቀነቀች «ትልቅ ገንዳ እኮ ይከብዳል፣ የኔ እህት» ልትላት ነው።

ቤቷ ስትደርስ ኮሪደሩ ረጥቧል። ባሏ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ ወለል ይወለውላል። ነጩ ባልዲ በሩ አጠገብ የለም።

«ስልክሽን የት ጥለሽው ነው?» አላት። «የገንዳሽ ማዕዘን ተበረገደ። ውኃው እንዳለ ወለል ላይ። እኔ ምን አውቅና፣ ለእህትሽ ደወልኩላት፤ ሥራዋን ጥላ መጣች።»

ታላቋ የመኝታ ቤቱን በር ከፍታ አየች። «አበባዬስ?»

«እኛ እኮ ለልደትሽ ወደ ትልቁ ገንዳ ልናዛውራት ነበር ያሰብነው፤ አሁን ቀድሞ ተበላሸ» አለ መወልወያውን እየጨመቀ። «አይዞሽ፣ አንድ ጣቷ አልተነካም። እህትሽ መሃሉ ድንጋይ ላይ ስታስቀምጣት ወዲያው ተከፈተች አለችኝ።»