የወደቀ አይነሳም

የደን ጥበቃ ኃላፊውን የአድባሩን ደን የሚጠብቁት አጎቱ ምላሳቸው ፀጉር እስኪያበቅል ነግረውታል፤ «እዚህ የወደቀ አይነሳም። ፍሬም ሆነ ግንድ፣ በወደቀበት አፈር ይሆናል።» እሱ ግን፣ የተማረ ሰው አይደል፣ «እኛ አልቆረጥነው፤ ነፋስ የጣለው ነው» ብሎ ከደኑ የወደቀ ግንድ አስጭኖ ለቢሮው የስብሰባ ጠረጴዛ አሠራበት።

ሰኞ እስክሪብቶው ከጠረጴዛው ሥር ወደቀ። ጎንበስ ማለት የኃላፊ ወግ አይደለምና ተወው። ማክሰኞ አጎቱ ስለ ግንዱ የጻፉት አቤቱታ ወደቀ፤ «ግልግል!» አለ። የጽዳት ሠራተኛዋ ሁለቱንም በመጥረጊያዋ ዞራ አለፈቻቸው።

«አንቺ፣ አታነሺያቸውም እንዴ?»

«ወድቀዋል እኮ ጌታዬ» አለችው፣ ሕፃን እንደምታስረዳ ሁሉ።

ሐሙስ ስለ ማኅበረሰብ ደን ጥበቃ ስብሰባ ነበር። ሊናገር ሲነሳ የጠረጴዛው እግር ጠለፈውና ተዘረረ። ወገቡ አልታዘዝ አለው። ማንም ዞር ብሎ አላየውም። ምክትሉ ተራምዶት አለፈና በእሱ ወንበር ተቀምጦ ንግግሩን ቀጠለ። ሲጨርሱም ሁሉም እየተራመዱት ወጡ።

የጽዳት ሠራተኛዋ ገባች።

«እናቴ፣ በሞቴ፣ እጅሽን ስጪኝ!»

መጥረጊያዋን በጭንቅላቱ ዙሪያ ቀስ አድርጋ አዞረችና በሩን ዘግታ ሄደች።

ከጉንጩ ሥር ያለው ሲሚንቶ አፈር አፈር ይሸት ጀመር።