አስራ አንደኛው ጉድጓድ

ሰውየው በሃምሳ ስምንት ዓመቱ ከሶፍትዌር ኩባንያው ሲቀነስ አላለቀሰም። ካርቶኑን አቅፎ ወጣ፤ ከሃያ ስድስት ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የአምስት ሰዓት ፀሐይ ፊቱን መታችው። ደስ አለችው።

ቤቱ ሲደርስ ለሚስቱ ሁለት ነገር ነገራት። አንደኛ፣ ተቀንሷል። ሁለተኛ፣ የሰው ግቢ የሚያስውብ ድርጅት ሊከፍት ነው።

“አንተ?” አለች። “መስኮቱ ላይ ያለችውን አበባ በውሃ ብዛት የገደልካት አንተ?”

“ሰው ከስህተቱ ይማራል።”

“ይሁን፣ ሞክር። የመጀመሪያው ሥራ ከተበላሸ ግን ወንድሜ ጋ ትገባለህ።”

ወንድሟ ፎቶ ኮፒ ቤት አለው። ደግ ሰው ነው፤ ችግሩ እሱም ማሽኑም ዝም አለማለታቸው ነው። ቀሪ ዕድሜን በሁለቱ መሀል ተቀምጦ መጨረስ? እግዜር ይጠብቀው!

ሰውየው ማስታወቂያ ለጠፈ። “የረጅም ዓመት ልምድ ያለው የግቢ ማስዋብ ድርጅት፣ ነባር አትክልተኛ ይፈልጋል።” ሚስቱ አንብባ “የምን ልምድ?” አለችው። “የምን እንደሆነማ አልጻፍኩም” አላት።

በሦስተኛው ቀን አንድ ጠና ያሉ ሰው መጡ። ሰፊ ባርኔጣ፣ ቦት ጫማ፣ የራሳቸው ዶማ።

“ልምድ አለዎት?”

“ሃያ ዘጠኝ ዓመት።”

ሰውየው ጉልበታቸውን ሊስም ምንም አልቀረው። እዚያው ቀጠራቸው። እሱ “ጋሼ” ይላቸዋል፤ እሳቸው “አለቃ” ይሉታል።

የመጀመሪያዋ ደንበኛ ጡረታ የወጡ ዳኛ ነበሩ። ግቢያቸው አረም ውጦታል፤ እሳቸው ደግሞ ሰውን የሚያዩት እንደ ሐሰተኛ ምስክር ነው። አስር ቀን ሰጧቸው።

“ከየት እንጀምር፣ ጋሼ?”

“አለቃ እንዳሉ።”

“ኧረ እርስዎ እያሉ!”

“ኧረ በፍጹም!”

እንዲህ ሲባባሉ ግማሽ ቀን ሄደ። ሰውየው ያኔ ነገሩ ገባው። ጋሼ እየፈተኑት ነው።

ከዚያ ወዲያ ዶማ ባነሳ ቁጥር የጋሼ ዓይን ከእጁ አይነቀልም። እንዴት እንደያዘ፣ ምን ያህል እንደቆፈረ ያያሉ። የእሱ መዳፍ በሁለተኛው ቀን ውሃ ቋጠረ፤ ኪሱ ከቶ ደበቀው። ጋሼ ግን ጓንታቸውን ለምሳ እንኳ አያወልቁም። ነባር ባለሙያ እንዲህ ነው አለ በልቡ።

ስጋቱ እንዳለ ሆኖ ግን ሰውየው እንዲህ ተደስቶ አያውቅም። አፈር ይሸተዋል፣ ያፏጫል። አንድ ቀን የምድር ትል አገኘና ለሚስቱ ደወለላት።

“ሞተሃል?” አለችው።

“ትል አገኘሁ!”

ስልኩን ዘጋችበት።

በአራተኛው ቀን ጋሼ ለአስር ችግኞች ቦታ ለኩ። እንጨት እየተከሉ ቁጥር ጻፉበት፤ ዜሮ፣ አንድ፣ ሁለት፣ እስከ አስር። ሰውየው ከኋላ እየተከተለ ቆፈረ። ከዜሮ መቁጠር እሱም የለመደው ስለሆነ አሠራራቸው በጣም ተስማማው።

ዳኛዋ ወርደው በጣታቸው ቆጠሩ።

“ችግኙ አስር ነው። ጉድጓዱ ለምን አስራ አንድ ሆነ?”

ሰውየው ፎቶ ኮፒ ማሽኑ ጆሮው ውስጥ ሲንጫጫ ተሰማው። ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

“አንዱ መተንፈሻ ነው፣ እመቤት። ለአፈሩ።”

“ለአፈሩ!” አለ ሰውየውም ተደርቦ።

ዳኛዋ ሁለቱንም አንድ በአንድ ካዩ በኋላ “እንደሱ ነው?” ብለው ገቡ። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ዋዛ አይደለም አለ ሰውየው በልቡ።

በስድስተኛው ቀን ከውሃው ታንከር ጀርባ ሹክሹክታ ሰማ። ጋሼ በስልክ እያወሩ ነው።

“ቶሎ ንገሪኝ፣ ሳያየኝ... ከሥሩ ይነቀል ነው የምትዪኝ?... የለም፣ እስካሁን አልነቃብኝም።”

ቀና ሲል ዳኛዋ በረንዳቸው ላይ ቆመው ስልክ ያወራሉ። ጉድ ፈላ! ሽማግሌው ዳኛዋን “አንቺ” እስከማለት ደርሰዋል። ሊያስነቅሉት ነው።

የቀሩትን አራት ቀናት እንቅልፍ በዓይኑ አልዞረም። ጋሼን ሊያባርር አሰበ፤ ግን ያለ እሳቸው ጽጌረዳን ከእሾህ አረም መለየት አይችልም። ስለዚህ ምሳ ጋበዛቸው። በማግስቱም ጋበዛቸው። ጋሼ ሲበሉ ቀና ብለው አያዩትም።

አስረኛው ቀን ደረሰ። ዳኛዋ ግቢውን ዞሩ። ሳሩን ረገጡ፣ ቅጠል አሸተቱ። ባዶው ጉድጓድ ጫፍ ላይ ቆመው ብዙ አሰቡ።

“ወድጄዋለሁ” አሉ በመጨረሻ። “የኋላውን ጓሮም ያዙት። ጎረቤቴም ግቢዋን ልትሰጣችሁ ነው። ስለ መተንፈሻው በስልክ ብነግራት ጊዜ ቅናት ሊገድላት! ለእሷ ሁለት አድርጉላት።”

ዳኛዋ ሲገቡ የሰውየው ልብ ጮቤ ረገጠ። ፎቶ ኮፒ ቤት ደህና ሁን! ሊዘል እግሩን ሲያነሳ ግን ጋሼ ባርኔጣቸውን አውልቀው ፊቱ ቆሙ። ፊታቸው ጠቁሯል።

“አለቃ፣ ካሁን በኋላ አብሬዎት መቀጠል አልችልም። አንድ የምነግርዎ ነገር...”

“አውቃለሁ፣ ጋሼ!” እጃቸውን ያዘ። “እንደነቁብኝ አውቃለሁ። እኔ አትክልተኛ አይደለሁም። ዕድሜዬን ሙሉ ሶፍትዌር ስሠራ ኖሬ ነው የቀነሱኝ። እዚህ የሠራሁትን ሁሉ እርስዎን እያየሁ ነው። ከሄዱብኝ አለቀልኝ፤ እባክዎ፣ አይሂዱብኝ!”

ጋሼ የአፈር ጋሪው ጫፍ ላይ ዘጭ አሉ። 

“እኔም እኮ ባለፈው ወር ሃያ ዘጠኝ ዓመት ከሠራሁበት ሶፍትዌር ቤት የተቀነስኩ ነኝ፤ አረሙን እንኳ በስልክ እህቴን እየጠየቅኩ ነው የነቀልኩት” አሉ፤ “ይሄን ሙያ ከእርስዎ ልማር ብዬ ነበር የመጣሁት!”