ምስሉ ከጠፋ በኋላ

ማዳመጫዬ ውስጥ አባዬ ይስላል፤ ሳሉን ዘልዬ ቀጣዩን ቃል እጽፋለሁ። ፕሮግራሙ በሦስት ሰከንድ ውስጥ ይህ ሁሉ ፊደል አይነበብም ብሎ መስመሩን ያቀላብኛል። ሁለት ቃል እቀንሳለሁ። መስመሩ ወደ ነጭ ይመለሳል።

ስምንት ዓመት የሠራሁት ሥራ ይኸው ነው፤ ሰው የተናገረውን ሰምቶ፣ አሳጥሮ፣ ከምስሉ ግርጌ መለጠፍ። ሳምንቱን ሙሉ ስለ መኪና ሞተር የሚያስረዳ አንድ ወሬኛ ሰውዬ ያወራውን ስጽፍ ከርሜ ዓይኔ ቀልቷል፣ ወገቤም የኔ አይመስለኝም። ዛሬ ቅዳሜ ነው። ተኝቼ መዋል አምሮኝ ነበር። እማዬ ግን ከምሳ በኋላ መነጽሯን አድርጋ፣ ወንበሯን ስባ አጠገቤ ተቀመጠች። «ዛሬ ካልጻፍሽልኝ ከዚህ ንቅንቅ አልልም» አለች። ንቅንቅም አላለችም።

አራት ወር አቆይቻታለሁ። እማዬ መስማት ካቆመች ሦስት ዓመት ሆኗታል፤ የሰው ከንፈር እያየች ነው የምትሰማው። አባዬ ለቀዶ ጥገና ሊገባ ሲል ሆስፒታል አልጋው ላይ ሆኖ በስልኩ ራሱን ቀረጸላት። ከዚያ አልተመለሰም። ጢሙ አድጓል፣ ስልኩም እጁ ላይ ይንቀጠቀጣል፤ ከንፈሩን በግማሽ ነው የምታገኘው። ጻፊልኝ ባለችኝ ቁጥር ሥራ በዛብኝ እላት ነበር። ውሸቴን ነው። ድምፁን መስማት ፈርቼ ነው።

እሷን የሚበላት ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ያን ቀን መድኃኒት ገዝታ ስትመለስ ሲያወራ አገኘችው። ዶክተሩ እንዳይደክም ብሎ ነበርና ተቆጣችው። «ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ አንድ ነገር አለኝ፤ ጉንጩ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ» ትላለች። «ጆሮዬ ከደነቆረ ወዲህ አንድ ቀን እንኳ ፊቱን ሳይሰጠኝ አውርቶኝ አያውቅም። ወዲያው መጥተው ወሰዱት። ተቀይሞኝ ነው የሄደው።» ደክሞት ነው እላታለሁ። አትቀበለኝም።

«ጨረስኩ» እላታለሁ፣ ከንፈሬን እንድታይ ወደ እሷ ዞሬ። ቪዲዮውን ከመጀመሪያው አስጀምረዋለሁ፤ የአባዬ ቃል ከግርጌው ይወጣል።

አንቺ ልጅ፣ የጓሮው ቁልፍ ኮቴ ኪስ ውስጥ ነው። ቧንቧ ሠሪው ሲመጣ አጠገቡ ቁሚ፤ ዘወር ካልሽ ያበላሸዋል። ደረጃውን ቀስ ብለሽ ውረጂ።

«አንቺ ልጅ» የሚላት የስልሳ ስምንት ዓመት ሴት ናት። ከተጋቡ ወዲህ ሌላ ስም አልነበራትም።

ጣቷን ስክሪኑ ላይ ታሳርፋለች። «ሦስት ጊዜ ነው የጠራኝ። ሌላው ቢያመልጠኝ ይቺ ታመልጠኛለች? አንዴ ብቻ ነው የጻፍሽው።» ጎረቤት እስኪሰማ ነው የምትናገረው፤ የራሷን ድምፅ ከረሳችው ቆይታለች።

«እማዬ፣ ድግግሞሽ አይጻፍም። ለማንበብ ጊዜ አይበቃም።»

«አራት ወር የጠበቅሁ ሴትዮ ሁለት ቃል ለማንበብ ጊዜ አጣለሁ? የሌላውን ሰው እንዳሻሽ ቁረጪ። የኔን አትቁረጪብኝ!»

ሦስቱንም እጽፋለሁ። መስመሩ ይቀላል። ይቅላ። ሳሉንም በቅንፍ አስገባለሁ። «ይስላል» የሚለውን ስታነብ ትስቃለች። «ያ ሲጋራ!» ትላለች። ከዚያ መነጽሯን አውልቃ በቀሚሷ ጫፍ ትጠርገዋለች፣ ብዙ ትጠርገዋለች።

መጨረሻው ላይ አባዬ ቀና ብሎ ወደ ጎን ያያል። ስልኩ ይገለበጣል፣ ስክሪኑ ይጨልማል።

«በቃ፣ አለቀ» እላታለሁ።

«ይሄስ?»

ከምስሉ በታች የድምፁን አረንጓዴ መስመር እያሳየችኝ ነው። ምስሉ ከጠፋ በኋላም መስመሩ አልተኛም፤ እዚህም እዚያም እብጥ ይላል።

«አባትሽ ሲናገር እንዲህ ሲያብጥ አይቼዋለሁ» ትላለች። «አሁንም ያብጣል።»

ምስል ከጨለመ የኔ ሥራ አለቀ ማለት ነው። የማንንም ቪዲዮ ከዚያ ወዲያ አዳምጬ አላውቅም፤ የአባቴንም አላዳመጥኩም። ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ መልሼ አደርጋለሁ።

በር ይከፈታል። «ከማን ጋር ነው የምታወራው? አትድከም አልተባልክም?» የእማዬ ድምፅ ነው፣ ቁጣዋ እንዳለ። አንሶላ ይንኮሻኮሻል። አባዬ ስልኩን እንዳታይበት በግድግዳው በኩል ትራሱ ሥር እየከተተው ነው። ፊቱን ያዞረው ለዚህ ኖሯል። ከዚያ የአባዬ ድምፅ ይመጣል፤ አፉ ከስልኩ ጋር ሊነካካ ምንም አልቀረውም።

«ምን ይላል?» ትለኛለች እማዬ። ክንዴን ትይዘኛለች። «ተቀይሟል አይደል? ንገሪኝ።»

ልዞርላት አልቻልኩም። ብዞር እንባዬ ይቀድመኛል፣ እሷም ከከንፈሬ የምታነበው አታገኝም። እጽፋለሁ።

[በር ይከፈታል]
እማዬ፦ ከማን ጋር ነው የምታወራው?
አባዬ፦ ካንቺ ጋር ነዋ፣ አንቺ ልጅ።

ጥቁሩ ስክሪን ላይ ከነጩ ፊደል በቀር ምንም የለም። እማዬ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ታነባለች። ክንዴን የያዘው እጇ ቀስ እያለ ይላላል።

ለዚህች አጭር መስመር ሁለት ሰከንድ ይበቃታል። ስክሪኑ ላይ እንድትቆይ የመስመሯን ጫፍ ይዤ እስከ ቪዲዮው መጨረሻ እጎትታታለሁ። ቪዲዮው አልቆ ቆሟል፣ ጽሑፉ እንዳለ ነው፣ እማዬ ገና እያነበበች ነው።