ስድስተኛው ቦታ

አውራ ጣቱ ስልኩ ላይ እንዳንዣበበ ቀረ። የጭራቆች ፍልሚያ ጨዋታው ስድስት ተዋጊ ይፈልጋል፤ አምስቱን መርጧል። ለቀረው አንድ ቦታ ክንፋሟ ጭራቅና ኤሊው ይጠብቁታል። አባቱ መደቡ ላይ ተኝተው የለበሰውን ኮት ጫፍ ጨብጠዋል። ከታመሙ ወዲህ እንቅልፍ የሚወስዳቸው እንዲህ ሲይዙት ብቻ ነው።

«አምስቱም እኮ የመንዝ ካብ ናቸው» አለ ጓደኛው ከደብረ ብርሃን፣ በማዳመጫው ውስጥ እየሳቀ። «ዱላ ይችላሉ እንጂ ንቅንቅ አይሉም። አንድ የሚበር ካላስገባህ ቅዳሜ ውድድሩ ላይ ጉድ እንሆናለን። ደግሞ እዚሁ ጎን ለጎን ተቀምጠን ነው የምንጫወተው። ትመጣለህ አይደል?»

አንዱን እጅጌ ቀስ ብሎ አወለቀ፤ ቀጥሎ ሌላውን። ኮቱ አባቱ እጅ ላይ ቀረ። ድምፅ ሳያሰማ እስከ በሩ ሄደ። የጓሳ ነፋስ በሸሚዙ ገባ፤ ብርዱ ደስ አለው። ክንፋሟን ነካት፤ ስድስተኛው ቦታ ላይ ገባች። «እመጣለሁ» ሊል አፉን ከፈተ።

«ልጄ፣ አለህ?» አሉ አባቱ ዓይናቸውን ሳይገልጡ።

«አለሁ አባዬ።»

እጃቸው ባዶውን እጅጌ ዳበሰ። «ታዲያ ድምፅህ ምነው ራቀብኝ?»

ተመልሶ መደቡ ጠርዝ ላይ ተቀመጠና ክንዱን እጅጌው ውስጥ መለሰ። አባቱ በኮቱ ላይ የእጁን አንጓ ያዙት። በሌላው እጁ ክንፋሟን አውጥቶ ኤሊውን አስገባ።

«ምነው አወጣሃት?» አለ ቡድኑን በራሱ ስልክ የሚያየው ጓደኛው።

«ላንተ እልካታለሁ» አለው በሹክሹክታ። «ቅዳሜ እሷ ትምጣ።»