እርድ

ካዛንቺስ በምትገኘው ጠባብ ጽሕፈት ቤት ውስጥ የአርኪዮሎጂ ዶክተሯ የጥንታዊውን ክብ ቦይ ፎቶ አትኩራ ታያለች። የአገሩ ሽማግሌዎች «እርድ» ስላሉት፣ መሥዋዕት የታረደበት መስሏት ሦስት ዓመት ስታስቆፍር አንዲት አጥንት አላገኘችም። ዛሬ ቦታው ምን እንደነበረ አሳማኝ ማብራሪያ ካላቀረበች ቁፋሮው ይዘጋል።

ጽሑፏን የሚተይበው ፋኑኤል «እርድ» የሚለው ቃል ላይ ሲደርስ ጣቱ ቆመ። ፊቱ ቀላ።

«ይቅርታ ዶክተር፣ በእኛ አገር እርድ ምሽግም ነው። አያቴ በጦርነት ጊዜ የተደበቁበትን ቦይ እርድ ይሉታል።»

ዶክተሯ ፎቶው ላይ ባለው ክብ ዙሪያ ጣቷን ቀስ ብላ አዞረች። ከዚያ ሳቋ እስከ ደረጃው ድረስ ተሰማ።

«በምሽግ ውስጥ ሥጋ ቤት ስፈልግ! በል ፋኑ፣ ‹ምሽግ ሳይሆን አይቀርም፤ ዘመኑ ገና አልታወቀም› ብለህ ጻፍ።»

ፋኑኤል እፎይ አለ። «መሥዋዕት» የሚለውን አጠፋ። «እርድ»ን ግን አልነካውም፤ ሽማግሌዎቹ ልክ ነበሩ።